ደብዳቤ ቁጥር የሌለው ማህተም

(ነሐሴ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በእጅ ስለሚሠሩ የእንኳን አደረሳችሁ ካርዶች። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፤ ያወጣሁት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለት ሦስቴ የደጋገምኩትን ብቻ ነው።)

ደህና ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ቀረብ በሉ። ዕቃዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከዚያ ሆናችሁ እኔን ታያላችሁ እንጂ እነሱን አታዩም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ማስታወቂያው ላይ “ስታምፕ” ተብሎ ነበር የተጻፈው። በር ላይ አንድ አባት አገኘሁ፤ አልበማቸውን ታቅፈው መጥተዋል። “ልጄ፣ የድሮ ቴምብሮቼን አምጥቻለሁ” አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። የዛሬው ስታምፕ ማህተም ነው፣ ቴምብር አይደለም። ግን እንዳይሄዱብን። አገራችን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ የአፄ ምኒልክ ምስልና አንበሳው ያሉባቸው፣ ፓሪስ የታተሙ። ስንጨርስ አልበሙን አብረን እናያለን፣ እኔ ራሴ ጓጉቻለሁ።

እሺ፣ ማህተም።

የመጀመሪያ ማህተሜን ላሠራ የሄድኩት ማህተምና ቲተር የሚቀርጽ ሰው ጋ ነበር። ጠባብ ሱቅ ናት፣ ግድግዳዋ በናሙና ተሞልቷል። ክቡ አለ፣ አራት ማዕዘኑ አለ፣ “ተከፍሏል” የሚለው አለ።

“ምን ልሥራልሽ?”

“አበባ።”

“የምን ድርጅት ነው?”

“ድርጅት አይደለም፣ አበባ ብቻ። አደይ አበባ።”

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። “ደብዳቤ ይዘሻል?”

“ለአበባ?”

“ማህተም አይደል እንዴ! ቀንና ቁጥር ያለው ደብዳቤ ያስፈልገዋል።”

እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። ደግሞ እውነቱን ነው። ማህተም እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ስንቶቻችን ነን ሦስት ቀን ተመላልሰን “ማህተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል” የተባልነው? ወረቀቱ ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ሰውየው ወይም ቁልፉ ስለሌለ ብቻ አልጸደቀም። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ የገረመኝ ግን ያን ሁሉ ሥልጣን የተሸከመው ዕቃ ምን እንደሆነ ነው። ጎማ ነው። የተፈለፈለ፣ ቀለም የነካ፣ ወረቀት ላይ የተጫነ ጎማ። አለቀ። መንገድ ላይ አንድ ነጭ ላጲስ ገዛሁ።

ላጲስ ስትገዙ ሰፊውንና ለስላሳውን ነጩን ምረጡ። ያ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ የሆነው ይፈረፈራል፣ አይሆንም። መፈልፈያው ምላጭ ነው፤ ግማሹን በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ጣታችሁን ነው የማስበው። አቆራረጡ ላይ አንድ ምስጢር አለ። ምላጩን ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብሉት፤ የቀረው መስመር ከላይ ቀጭን ከሥር ሰፊ ይሁን። ከሥሩ የቦረቦራችሁት መስመር ስትጫኑት ይታጠፋል፣ ሁለት ቀን ሳይቆይም ይበጠሳል። ተራራ ሥሩ፣ እንጉዳይ አትሥሩ።

የቢሮው የማህተም ቀለም ለመጀመሪያ ይበቃል፤ ሐምራዊ ስለሆነ ካርዳችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይመስላል እንጂ። ማህተሙን ቀለሙ ላይ አትፍጩት፣ መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ይረፍ፣ ቀጥ ብሎ ይነሳ። የቢሮ ሰው ልማድ ሆኖበት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፣ ለዚያ ነው ማህተሙ ሁሌ ጥላ ያለው የሚመስለው።

አንዳንድ ሰው “ካርድ እኮ የፈረንጅ ነገር ነው” ይለኛል። እስቲ ቆዩ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶች ልጆች ምን ይዘው ነው በር የሚያንኳኩት? ሴቶቹ አደይ ይዘው ሲዘፍኑ እነሱ በከለር የሳሉትን ስዕል ይዘው ይመጣሉ፤ ፀሐይ፣ አበባ፣ መልአክ። ትቀበላላችሁ፣ ሳንቲም ትሰጣላችሁ። ያ ምንድን ነው ታዲያ? ካርድ ነው፤ ያውም ሠዓሊው ራሱ ፖስተኛ የሆነበት። የእኛ ቤት ወንድሜ ነበር የሚስለው። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ በሻማ ይስላል። የመጀመሪያዎቹ መላእክት ያምራሉ፣ ሙሉ ክንፍ፣ ሙሉ ጣት። ሃያኛው ቤት የደረሰው መልአክ ግን አንድ ክንፍ ብቻ ነበረው። ሃያ አምስተኛው ላይ መልአኩ ቀርቶ ፀሐይ ብቻ ሆነ።

ማህተም የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። እጅ ይደክማል፣ ላጲስ አይደክምም።

የፈረንጁንም ነገር ካነሳን፣ የመጀመሪያው ለሽያጭ የታተመ የገና ካርድ የሚባለው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1843 የወጣ ነው። ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ነው ያሠራው፣ የሳለለት ሠዓሊው ጆን ሆርስሊ። ምክንያቱ ደስ ይላል። የፖስታ ዋጋ ረክሶ ስለነበር የሚደርሰው ደብዳቤ በዛበት፣ ለሁሉም መልስ መጻፍ አልቻለም። አንድ ሺህ ያህል ካርድ አሳተመ፣ በእጅ ቀለም ተቀባ፣ የተረፈው አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ስዕሉ ላይ ቤተሰቡ ወይን ሲጠጣ ትንሽ ልጅም ስለምትጎነጭ ጸረ መጠጦቹ ጮኸውበታል። እንግዲህ ካርድ የተወለደው ሰውዬው መጻፍ ስለሰለቸው ነው። እኔ የምለው ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው፦ ውጪውን ማህተምና ዳይ (ወረቀት በቅርጽ የሚቆርጠው ስለታም ብረት፣ እመጣበታለሁ) በፍጥነት ይጨርሱላችሁ፣ የተረፈውን ጊዜ ውስጡ ላይ በእጃችሁ ለመጻፍ አውሉት። ካርዱን ያማረ ያደረገው አበባው ቢሆንም፣ ሰው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግን በጽሑፉ ነው። እናቴ ያስቀመጠቻቸውን አይቻለሁ፣ ግማሾቹ አስቀያሚ ናቸው።

አሁን ወደ ፊደል እንምጣ፣ እዚህ ጋ ብዙ ቆይቻለሁ።

ማህተም ላይ የምትቀርጹት ተገልብጦ ነው የሚታተመው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቅ ነበር። ግን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሦስት ሰዓት ፈልፍዬ ስጫነው ቃሉ ከቀኝ ወደ ግራ ሆኖ ወጣ። መላው ቀላል ነው። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ላጲሱ ላይ አድርጉ፣ ከጀርባው በጥፍር እሹት። እርሳሱ ራሱ ተገልብጦ ይተላለፋል። የሌዘር ፕሪንት ወይም ፎቶ ኮፒ ካላችሁ ደግሞ ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ በአሴቶን ማለቴ ነው፣ ትንሽ አርሳችሁ ከጀርባው ተጫኑት፤ ዱቄት ቀለሙ ላጲሱ ላይ ይለጠፋል። አሴቶኑ ከበዛ ላጲሱም ይሟሟል፣ ቀስ በሉ።

ፊደሎቻችን ሁሉም እኩል አያስቸግሩም። “በ” ብትገለበጥም ያው በር ናት። “ሐ” ልክ እንደ ጅማ በርጩማ ሦስት እግሯን ዘርግታ ትቆማለች፣ ከየትም ብትታይ ያው ናት። “ን” እና “ረ” ግን ከተገለበጡ ወዲያው ያስታውቃሉ።

ይህ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር “እንኳን አደረሰ” ብላችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት ለማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። አደረሰህ ነው? አደረሰሽ? አደረሳችሁ? አደረሰዎት? አንድ ምኞት፣ አራት ማህተም! እኔ በመጀመሪያው ዓመት የቀረጽኩት “አደረሰህ” የሚለውን ብቻ ነበር፣ ለወንድሜ አስቤ። ካርድ ስለተረፈኝ በችኮላ ለጎረቤታችን ለእማማም ላክሁላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ወይዘሮ ናቸው። ምንም አላሉኝም። ቡና ሲጠሩን ግን “ነይ እንጂ አንተ” አሉኝ። እስከ ጥምቀት ድረስ “አንተ” ነበርኩ።

መፍትሔው አፋችን ላይ ነበር ለካ። እንኳን አደረሰህ ሲሉን ምን ብለን ነው የምንመልሰው? “እንኳን አብሮ አደረሰን።” ለህፃን ይሆናል፣ ለሽማግሌ ይሆናል፣ ለአለቃም ለባልም ይሆናል። አንድ ማህተም ለሁሉም። ሦስት “ን” አለበት፣ እሱን ቻሉት።

ላጲሱ ከመቶ ምናምን ካርድ በኋላ ጠርዙ እየተበላ ሲሄድ ነው ወደ እንጨት የዞርኩት። እዚህ ከተማ ተቀምጦ እንጨት ቀራጭ መፈለግ አያስቸግርም። የጅማን በርጩማ የሚሠሩ እጆች አሉን፤ ከአንድ ግንድ መቀመጫውንም ሦስቱንም እግር የሚያወጡ። አንዱን ጋሼ ጠየቅኳቸው። ይቺን የቡና አበባ በዋንዛ ቁራጭ ላይ ይቅረጹልኝ አልኳቸው። ገልብጠው አዩዋት። “ይቺ መቀመጫ አይወጣትም” አሉኝ። ግን ሠሩልኝ፤ ደብዳቤም አልጠየቁኝም። አምስት ቅጠል ያላት ነጭ የቡና አበባ ናት፣ አሁን ታዞራላችሁ፣ አሽትቷት፣ ዘይት ዘይት ትላለች።

የእንጨት ማህተም ከጎማ ይለያል። ጎማ ይለመጣል፣ ጠረጴዛው ትንሽ ቢጎረብጥም ይችለዋል። እንጨት አይችለውም፤ ግማሹ ይታተማል ግማሹ ነጭ ይቀራል። ስለዚህ ከካርዱ ሥር አራት አምስት ገጽ ጋዜጣ አንጥፉ። ቀለሙንም ማህተሙን ወደ ቀለሙ ሳይሆን ቀለሙን በስፖንጅ ወደ ማህተሙ ውሰዱት። ከውጭ የሚመጣው ግልጽ ፕላስቲክ የመሰለ ማህተም ደግሞ አለ፣ በብርጭቆ መሰል እጀታ ላይ የሚለጠፍ። ጥሩነቱ በእሱ አሳልፋችሁ የት እንደሚያርፍ ታያላችሁ። የተጣመመ ጽሑፍ ከሰለቻችሁ እሱ ይሻላል።

ዳይ። ብስኩት የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ፤ ኮከቡን ሊጡ ላይ ትጫኑታላችሁ፣ ኮከብ ይወጣል። ወረቀት ግን ሊጥ አይደለም፣ በእጅ ጉልበት አይቆረጥም። ስለዚህ ሁለት ጥቅልል ብረት መሀል ያልፋል። ነገሩ የመጣው ከጫማ ሥራ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጫማ ሶል አንድ ዓይነት አድርጎ ለመቁረጥ ነበር የሚጠቀሙበት። ዛሬ የኬክ ካርቶን የሚሠሩ ማተሚያ ቤቶችም በዚሁ ነው የሚሠሩት፤ ስለታም ብረት ጣውላ ውስጥ ይተከላል፣ ወረቀቱን መልሶ የሚገፋ ስፖንጅ በዙሪያው ይለጠፋል።

የእኔ ማሽን ሲዚክስ የሚባል ኩባንያ የሚሠራው ቢግ ሾት ነው፣ በእጅ የሚዞር። የእህቴ ልጅ ከውጭ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ሻንጣውን ስለሞላው ለሌላው ቤተሰብ ምንም አልመጣም፣ እስካሁን ይወቅሱኛል። መብራት አይፈልግም፤ እዚህ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሪከት የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አለ፣ የፈለጋችሁትን ቅርጽ ይቆርጣል፣ ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

አደራደሩ ሳንድዊች ነው። ከታች ማስቀመጫው፣ በላዩ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ዳዩ ስለታም ፊቱን ወደ ወረቀቱ አዙሮ፣ ከላይ ሌላ ፕላስቲክ። ዳዩን ከገለበጣችሁት የምትቆርጡት ፕላስቲኩን ነው። ስታዞሩት ቋ ቋ ይላል። እኔ መጀመሪያ ቀን የተሰበረ መስሎኝ ጮህኩ፤ ምንም አይደለም፣ ፕላስቲኩ ነው። በአንድ በኩል ከጎበጠ ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት። አልቆርጥ ያለ ቦታ ካለ አንድ ቅጠል ወረቀት ጨምሩና አዙሩት፣ ያቺ ስስ ውፍረት ትበቃለች።

አንድ ጊዜ ስትቆርጡ ሁለት ነገር ነው የምታገኙት፤ አበባውና የአበባው ቀዳዳ። ቀዳዳውን አትጣሉ! ከኋላው ሌላ ቀለም ወረቀት ለጥፉበት፣ መስኮት ይሆናል። ለዒድ ካርድ ጨረቃዋን የማሳየው እንዲህ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ቀዳዳዋን ትቼ ከኋላ ወርቃማ። የተቆረጠችው ጨረቃ ደግሞ ለሌላ ካርድ ትሆናለች። ፊደል በዳይ ወይም በምላጭ የምትቆርጡ ከሆነ ግን “መ”ን፣ “ወ”ን፣ “ቀ”ን ተጠንቀቁ። ሆዳቸው ዝግ ነው፣ ቀዳዳውን ስትቆርጡ ሆዱ ይወድቃል። ቀጭን ድልድይ ተዉለት።

ማሽን የለኝም ለምትሉ፣ የእኔ የመጀመሪያ ዳይ የቢሮ ወረቀት መብሻ ነበር። ቀይ ወረቀት በሳሁ፣ ክቦቹን ሰበሰብኩ፤ ያ የደረሰ ቡና ነው። ቅርንጫፍ ሳሉ፣ ቅጠሎቹን ጥንድ ጥንድ ፊት ለፊት አድርጉ፣ ቀያዮቹን ቅጠሉ በወጣበት ቦታ ሰብሰብ አድርጋችሁ ለጥፉ። ዛፍ ላይ እንደሚታየው ማለት ነው፤ ጅማ ውስጥ ቡና ተሳስቶ የተሳለበት ካርድ ከሰጣችሁ ይስቁባችኋል።

ወረቀት በአጭሩ። ለካርዱ አካል ከ250 እስከ 300 ግራም የሚባለው ወፍራሙ፣ ለሚለጠፈው ቀጭኑ። ኤ4 ለሁለት ቆርጣችሁ ግማሹን ስታጥፉት 105 በ148 ሚሊ ሜትር ካርድ ይሆናል፤ ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ። ከማጠፋችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ ቀለም በጨረሰ እስክርቢቶ መስመር አስምሩ። ወረቀት እንደ እንጨት ዘር አለው፤ በሁለቱም በኩል ለማጠፍ ሞክሩ፣ በቀለላችሁ በኩል እጠፉት። በሌላው ካጠፋችሁት ጫፉ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ለቅሶው። ለእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራው መቼ ነው? ነሐሴ። ጅማ ላይ ነሐሴ ምን እንደሚመስል ኮርኒሱን እያያችሁ ነው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ይጣመማል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ሰርግ 120 የጥሪ ካርድ ታዘዝኩ። ቀለሙ ያ ወፍራም፣ ቶሎ የማይደርቀው ዓይነት ነበር። ማታ አትሜ ጨረስኩ፣ ደስ ብሎኝ ደራረብኳቸው፣ ተኛሁ። ጠዋት እያንዳንዱ ካርድ የታችኛውን አበባ ጀርባው ላይ ይዞ ተነሳ። 120 ካርድ፣ 119 የቆሸሸ ጀርባ። አለቀስኩ፣ ከዚያ ጀርባቸውን በሙሉ በቀጭን ወረቀት ሸፈንኩ። ሙሽራዋ “ድርብ ነው፣ እንዴት ያምራል” አለች። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ እሰቅላቸዋለሁ። ያልተነካ ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ያንን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሬ፣ ከባድ ነገር እጭንበታለሁ። ኮላ ውሃ አለው፣ ቀጭን ወረቀት ያኮማትራል፤ በጥርስ መጎርጎሪያ ጠብ ጠብ አድርጉት። ማስቲሽ አያኮማትርም፣ ግን ከዓመታት በኋላ ቢጫ ያደርጋል፤ ሽታውም ራስ ያዞራል፣ መስኮት ክፈቱ።

ያ የማይደርቅ ቀለም ጥቅሙ አንድ ቦታ ነው። እርጥብ እያለ ኢምቦሲንግ ዱቄት ትነሰንሱበታላችሁ፣ ትርፉን ታራግፋላችሁ፣ ከሥር ታሞቁታላችሁ፣ ዱቄቱ ቀልጦ ጽሑፉ ከፍ ብሎ ያብረቀርቃል። የሙቀት ማሽን የለኝም፤ የቡና ከሰል ላይ ከፍ አድርጌ ነው የምይዘው። ሁለት ካርድ አቃጥያለሁ፣ አንዱ የምርቃት ነበር። በግለት ጌጥ ማሳረፍ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። የብራና መጻሕፍትን ቆዳ ሽፋን ያየ ያውቃል፤ መስቀሉና መስመሩ በጋለ ብረት ተጭኖ የወጣ ነው።

ወረቀት አሮጌ ለማስመሰል በቡና የምትነክሩ ደግሞ በረካውን ተጠቀሙ። እናቴ አቦሉን ስነክርበት አግኝታኝ ያለችኝን እዚህ አልደግመውም።

እዚህ ጋ አንድ ልጅ “ገበያ አለው ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ፤ “በዓል ሲሆን እኮ ሁሉም በቴሌግራም ነው የሚልከው” አለ። ልክ ነው። አንድ ፎቶ ለ200 ሰው ይላካል፤ እኔም እልካለሁ፣ ውሸት አልናገርም። በካርድ ብቻ ቤት ኪራይ ትከፍላለህ አልልህም። ለእኔ የሚሸጠው ሰርግና ምርቃት ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ወላጅ ከሩቅ ይመጣል፣ አበባ ይገዛል፣ ካርድ ይፈልጋል። ቀሪው ወር ያው እንደ ቤት ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ደንበኛ ከማሰብህ በፊት ግን ለአክስትህ አንድ ሥራና ላክላት፣ ምን እንደምትል ስማ።

በቃ፣ አፌ ደረቀ። ላጲስ ያልደረሰው እጁን ያውጣ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ምላጩ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር። ጋሼ፣ አልበሙን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልኝ፣ ከቀለሙ ራቅ አድርገው። ከ“ን” እንዳትጀምሩ! ከበርጩማዋ ጀምሩ፣ ከ“ሐ”።